የሰኔ ምስር

ትናንት ማታ ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ለቀምኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ምስሩን ወደ አንድ ጥግ ሰብስቤ፣ በጣቴ ጥቂት ጥቂቱን ወደኔ እስባለሁ። ጠጠር ካለ ጣት ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። ምስር ልስልስ ነው፤ ጠጠር ይሻክራል። ስጨርስ አሥራ አንድ ጠጠር አወጣሁ። ከዚያ አንድ ሁለቴ አንገዋለልኩትና ገለባው በረረ።

ተለቅሞ የታሸገ በየሱቁ ይሸጣል። ለዓመታት የምገዛውም እሱን ነበር። አሁን ግን ሰኔ ሲገባ ሆን ብዬ ያልተለቀመውን እፈልጋለሁ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። የግል ድርጅት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሰኔ 30 ለሂሳብ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ንብረት ይቆጠራል፣ የባንክ ሂሳብ ይታረቃል፣ ለሥራ የወሰደውን ገንዘብ ያላወራረደ ሰው በየቢሮው ይፈለጋል፣ የጠፋ ደረሰኝ ይታደናል። ሐምሌ 1 አዲስ ዓመት ቢጀመርም አሮጌው አይለቅም። ኦዲተሮች ይመጣሉ፤ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ደግሞ ዓመታዊ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለበት።

ካቻምና ሰኔ ሂሳቡ ላይ የ5,400 ብር ልዩነት ታየ፤ ከየት እንደመጣ አልገኝ አለኝ። ጉዳዩ የብሩ ብዛት አይደለም። አንድ ብርም ብትሆን ካልተገኘች ሂሳቡ አይዘጋም። አለቃዬ በቀን ሦስቴ እየመጣ «እህ፣ ተገኘ?» ይለኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይፈጣል። ልቤ ድው ድው ይላል፣ ጨጓራዬ ይነድዳል። ልጄ «እማዬ» ስትለኝ እጮህባት ጀመር። ይሄኛው እስከዛሬ ያመኛል።

አንድ ቀን ቢሮ ቁጭ ባልኩበት ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ክሊኒክ ወሰዱኝ። የልብ ምት የሚያሳየውን ምርመራ፣ ኢሲጂ ተነሳሁ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና «ልብሽ ደህና ነው። እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ያኔ እንባዬ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ልዩነቱ ሳይሆን ስለ እኔ የጠየቀኝ ሰው እሷ ነበረች።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ስንጨነቅ ከኩላሊታችን በላይ ያሉት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ደም ውስጥ ስኳር ይጨምራል። ጅብ ለሚያባርረው ሰው ይሄ ሁሉ ይጠቅማል፤ ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን መውጫ የለውም። ኮርቲሶል ደግሞ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ በራሱ መጨመር ይጀምራል። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው በዚያ ሰዓት ቢባንን የሚያስገርም አይደለም። እያበድኩ እንዳልሆነ ማወቄ ብቻውን ግማሹን ሸክም አነሳልኝ።

መጀመሪያ የተነሳው የማታ ቡና ነው። ከሥራ እንደገባሁ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀበና መጣድ ልማዴ ነበር። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አምስት ሰዓት ላይ ልተኛ ስል ገና ግማሹ ደሜ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ቡናውን ግን አልተውኩም፤ ወደ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት አዛወርኩት። ጎረቤቴ እማማ ጋ እንጠጣለን። አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፦ አቦል ላይ ማንም የሆዱን አያወጣም። ስለ ዘይትና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይወራል። ቶና ላይ ስለ ልጆች ይነሳል። በረካ ሲደርስ፣ ቡናው ሲቀጥን፣ ሰው ሁሉ ድምፁ ዝግ ይላል። እኔም ስለ ደረቴ ያወራሁት በረካ ላይ ነው። እማማ ምክር አልሰጡኝም። ረከቦቱን እየወለወሉ «እህ… ከዛስ?» ነበር ያሉት። እኔም ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሌላው መራመድ ነው። ከመገናኛ እስከ ላምበረት የነበረውን የታክሲ ሰልፍ ትቼ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ግድም ይወስዳል። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ይሆናል። ዝናብም ቢሆን ጃንጥላ ይዤ እሄዳለሁ። ጫማዬ ይጨቀያል፤ ቤት ስደርስ ግን ቢሮው ከኋላዬ ቀርቷል። ቢሮ ውስጥ ሲጠብቅብኝ ደግሞ እስከ አራት እየቆጠርኩ አየር አስገባለሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። ትንፋሽ ሲወጣ ልብ ዝግ ይላል፤ ለዚህ ነው ማስወጣቱ የሚረዝመው። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል። ስልክ ላይ ቪዲዮ እያዩ መተኛትንም ሞክሬው ነበር። አላሳረፈኝም።

ምስሩን ያመጣችልኝ እናቴ ናት። ያን ሰኔ ከሰሜን ሸዋ ልትጠይቀኝ መጣች። የሰኔ ጾም ስለነበረ በማዳበሪያ ምስር ይዛ ነበር። ፊቴን ስታይ ምንም አልጠየቀችኝም። ሰፌዱን ሰጠችኝና «እስኪ ይሄን ልቀሚልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለችኝ። የእናቴ ዓይን ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተቀብዬ ለቀምኩ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ አእምሮዬ ቢሮ ነበር። ከዚያ እጄ ፍጥነቱን አገኘ። ጠጠሯን አገኛታለሁ፣ አነሳታለሁ፣ እጥላታለሁ፣ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ አልቆ ያየሁት እሱን ብቻ ነበር። ያን ሌሊት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ 5,400ን ለዘጠኝ አካፈልኩት። ቀሪ የለውም። ልዩነት ለዘጠኝ እኩል ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተቀያይረው ይሆናል። ይሄን ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ። ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረውም እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን ትዝ አላለኝም፤ ጭንቀቱ የማውቀውን ሁሉ ጋርዶብኝ ነበር። ቦታ የተቀያየሩ አሃዞች ስፈልግ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አገኘሁት፦ 7,150 ብር የሆነ ደረሰኝ 1,750 ተብሎ ተመዝግቧል።

ምስር መልቀም የማይበቃበት ጊዜ አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መብላት አቆመ፣ ከሰው ራቀ፣ «ምን ዋጋ አለው» ማለት አበዛ። እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ይፈልጋል። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ እሱም ደንግጦ ነበር። አብሬው ሄድኩ። ሕክምናውን ጀምሯል፤ አሁን ምሳ አብረን እንበላለን። እናንተም እንዲህ የሆነ ሰው ካያችሁ «ሂድ» ብላችሁ አትተዉት። አብራችሁት ሂዱ።

ዛሬ ሰኔ 24 ነው። ስድስት ቀን ይቀረናል። ሦስት ሰዎች ገና አላወራረዱም፤ አንደኛው ስልክ አያነሳም። ሌላው ግማሽ ኪሎ ምስር ጓዳ ተቀምጧል። ልጄ ትናንት ጠጠሮቹን ከእጄ ወስዳ በውሃ አጠበቻቸውና በስኒ አስቀመጠቻቸው። ዛሬ ጠዋት ደብተሯን ስይዝላት «ማታ ደግሞ ስንት እናገኛለን?» አለችኝ።