ትምህርት የሚመረጥበት አገር

አዲስ አበባ ስማር ትምህርት መርጬ አላውቅም። ሁላችንም አንድ ዓይነት ሒሳብ፣ አንድ ዓይነት ባዮሎጂ እንማራለን። ምርጫ የሚመጣው 11ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ናቹራል ወይስ ሶሻል። እስከዚያ ወላጅ የሚጠይቀው "ስንተኛ ወጣህ?" ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ 2015 ክረምት ዲቪ ደርሶን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ገባን። 9ኛን ጨርሼ ስለነበር 10ኛ ክፍል ገባሁ። ሒሳብ ግን አልጀብራ 1 ላይ አስቀመጡኝ። ከአገር ቤት ያመጣሁትን ካርድ ልብ ብሎ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር! ድሮ የጨረስኩትን እየደገምኩ መቶ ከመቶ ሳመጣ እናቴ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ እየደወለች ነገረች።

ደስታችንን ያበላሸው ኮሌጅ የገባው የአጎቴ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና እየተፈላ ወረቀት አወጣና በተርታ ጻፈልኝ፦ አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። በዓመት አንድ ከተወሰደ አምስት ዓመት ነው። እኔ የቀረኝ ሦስት። 12ኛ ላይ ካልኩለስ የሚደርሱት ልጆች አልጀብራ 1ን የጨረሱት 8ኛ ክፍል ነው። "ኢንጂነር እሆናለሁ እያልክ አልጀብራ 2 ላይ ሆነህ ልታመለክት ነው?" አለኝ።

ሰኞ እናቴ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ትምህርት ቤት መጣች። ካውንስለሯ፣ የተማሪዎች አማካሪዋ ማለት ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረችም። "መጀመሪያ ቋንቋውን ይልመድ" አለች፤ ስታየኝ ለእኔ ማዘኗ ነው። እናቴ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቻ ደጋገመች፤ "ፈትኑት"። ፈተኑኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጂኦሜትሪ ገባሁ፣ በክረምት አልጀብራ 2ን ወሰድኩ፣ 11ኛ ላይ ፕሪካልኩለስ፣ 12ኛ ላይ ኤፒ ካልኩለስ። ያን ቀን ዝም ብንል ኖሮ ማንም አይጠይቀንም ነበር።

ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው አጠፋሁ። ኤፒ ማለት በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ሜይ ላይ ከ1 እስከ 5 የሚታረም ፈተና አለው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወላጆች ሲገናኙ "ልጅሽ ስንት ኤፒ ወሰደ?" ይባባላሉ። እኔም 11ኛ ላይ ሦስት ተሸከምኩ፤ ከነዚያ አንዱ የአሜሪካ ታሪክ ነው። እኔ የማውቀው አድዋን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሰሙትን የፕሬዚዳንቶች ስም እኔ ከዜሮ ጀመርኩ። በየሌሊቱ መዝገበ ቃላት ይዤ ሳነብ ፕሪካልኩለሱም ተጎዳ። ታሪክ ላይ ሲ አገኘሁ፣ ፈተናው ላይ 2። የማይጠቅመኝን ክብደት ለቁጥር ብዬ ነው የተሸከምኩት። ታሪኩን በመደበኛው ክፍል ወስጄው ቢሆን ማንም አይቀየመኝም ነበር።

ማመልከቻ ስሞላ ነው ነገሩ የገባኝ። በኮመን አፕ፣ ማለትም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ፣ ካውንስለሩ የሚሞላው ቅጽ አለ። ይህ ተማሪ የወሰደው ትምህርት፣ ከትምህርት ቤቱ ሌሎች ተማሪዎች አንጻር፣ ምን ያህል ከባድ ነው ብሎ ይጠይቃል። ከመካከለኛ በታች ከሚለው ተነስቶ እጅግ ከባድ እስከሚለው ይደርሳል። ከትራንስክሪፕቱ፣ ከውጤት መዝገቡ፣ ጋር ደግሞ ትምህርት ቤቱ የራሱን መግለጫ ይልካል፤ ምን ምን ኤፒ እንደሚሰጥ እዚያ ላይ አለ። ስለዚህ ሃያ ኤፒ ያለው ትምህርት ቤት ተምሮ ሁለት የወሰደና፣ ሁለት ብቻ ያለው ቦታ ሁለቱንም የወሰደ ልጅ በአንድ ዓይን አይታዩም። ለካ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የምንፎካከርበት ቁጥር ለብቻው ትርጉም የለውም።

ካውንስለሬን ሄጄ ስለ አልጀብራው ታሪክ አስታወስኳት። በደብዳቤዋ ውስጥ ጻፈችው። እኔም ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ከየት ተነስቼ ካልኩለስ እንደደረስኩ በጥቂት መስመር አስቀመጥኩ። ሲዋንም አልደበቅኳት። ለቅሶ አላበዛሁም፣ ዓመተ ምሕረትና የትምህርት ስም ብቻ።

ሦስት የግል ዩኒቨርሲቲዎች አልተቀበሉኝም። ምክንያቱን አይነግሩህም፤ ሲዋ ትሁን ሌላ፣ አላውቅም። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ልተኛ አሰብኩ፤ የአጎቴ ልጅ ግን የመቀበያ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው እንዳነበው አደረገኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ቢያሽቆለቁል ቅበላው ሊሰረዝ ይችላል ይላል። ካልኩለሱን በደንብ ጨረስኩ፣ ሜይ ላይ 4 አመጣሁ።

አሁን ተራው የእህቴ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ትምህርት የሚመርጡበት ወረቀት ጃንዋሪ ላይ መጣ። እናቴ እንደ ድሮ አትፈራም፤ መነጽሯን አድርጋ መስመር በመስመር ታነባለች። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። እህቴ ሁለት ኤፒ ይዛ በሦስተኛው ፈንታ ኦርኬስትራ ጽፋለች። "ተያት" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "እሺ፣ ግን ቫዮሊኑን ማን ሊገዛው ነው?" አለችኝ።