ከአስር ስንት ይችሉታል?

ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ከቀጠሮ ሲመለስ ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ሸክም ምክር ይዞ ነው። ጨው ይቀንሱ፣ ስኳር ይተዉ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ መርፌዎን በሰዓቱ ይውጉ፣ አይዞዎት። አንዱም ስህተት የለውም። ችግሩ ሁሉም በአንድ ቀን መሰጠቱ ነው። ሰውየው ሰኞ ሁሉንም ይጀምራል፣ ሐሙስ ሁሉም ይፈርስበታል፣ ከዚያ «እኔ ለዚህ አልሆንም» ይላል። ከስኳሩ ቁጥር ይልቅ እኔን የምታስፈራኝ ይህች ቃል ናት። ቁጥሩ በመድኃኒት ይወርዳል፤ «አልችልም» ያለ ሰው ግን መድኃኒቱንም ያቋርጣል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው አንድን ነገር መጀመሩና መቀጠሉ «ይህን ማድረግ እችላለሁ» ብሎ በማመኑ ላይ እንደሚመሠረት አስረድቷል። እምነቱ ከአራት ቦታ ይመጣል፦ ራሱ ሠርቶ ከተሳካለት፣ እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሠራው ካየ፣ የሚያምነው ሰው ካበረታታው፣ የገዛ ሰውነቱ ከሚነግረው ስሜት። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። እኛ መካሪዎች ግን ሥራውን ሁሉ «አይዞዎት» ላይ ጥለነዋል። ደግሞም እምነቱ ለእያንዳንዱ ነገር ለየብቻ ነው፤ መርፌውን አሳምሮ የሚወጋ ሰው ጎረቤት ቤት የቀረበለትን ስኳር የበዛበት ቡና እምቢ ማለት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ «በርቱ» ከማለት በፊት አንድ ነገር ለይቶ መጠየቅ ይሻላል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬት ሎሪግና ባልደረቦቿ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ያዘጋጁት ሥልጠና ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ከእሱ የምወደው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። ሰውየው የሳምንቱን ዕቅድ ራሱ ይናገራል፦ ምን፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ በሳምንት ስንት ቀን። ከዚያ «እንደሚያደርጉት ከ10 ስንት ይተማመናሉ?» ይባላል። መልሱ ከ7 በታች ከሆነ ዕቅዱ ይቀነሳል እንጂ ሰውየው አይመከርም። ጅማ ውስጥ፣ ቡና ላይ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

«እማማ፣ በዚህ ሳምንት ቡናውን ያለ ስኳር መጠጣት ከአስር ስንት ይችሉታል?»
«ኧረ ልጄ፣ ያለ ስኳርማ ሦስትም አይሆን።»
«አቦሉ እንዳለ ይሁን። ቶናውና በረካው ላይ ከሁለት ማንኪያ አንድ ብናደርገውስ?»
«እሱንስ ስምንት።»

በሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሆነ ሦስቱ ሲኒ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 25 ግራም ስኳር ነው። በቀን ሁለቴ ከተፈላ 12 ማንኪያ ይሆናል። በአዲሱ ዕቅድ 8 ይሆናል። ገና ብዙ ነው፤ ግን እማማ ያሉትን አድርገዋል። በሚቀጥለው ሳምንት አቦሉንም ለመንካት የሚደፍሩት በዚህ የተነሳ ነው።

የእግር መንገድም እንዲሁ ነው። ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የኖረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጅሬንን ዳገት ከወጣ ልቡ ይደልቃል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ እሱም «ይኸው፣ አልቻልኩም» ብሎ ይተረጉመዋል። ሜዳ ላይ፣ እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት 10 ደቂቃ ይበቃል። (ደረቱን የሚያመው ከሆነ ግን ቆሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።) «በየቀኑ» የሚል ዕቅድ አልወድም፤ አንድ ቀን ሲዘል ሁሉም የፈረሰ ይመስላል። በሳምንት 4 ቀን ተብሎ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ቢጨመርበት ይሻላል። የጅማ ዝናብ አይቀርምና ሲዘንብ በረንዳ ላይ እንደሚሄድ አብሮ ይታሰብ።

ሰውነት የሚነግረውን በተሳሳተ መንገድ መረዳት ብዙ ሰው ያስቆማል። ከግፊት መድኃኒቶች ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ፣ የስኳሩ ሜትፎርሚን መጀመሪያ አካባቢ ሆድ ሊረብሽ ይችላል፤ የመጨረሻው ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀላል። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሲያጋጥመው መጥቶ ይናገራል፣ ይቀየርለታል። ያልተነገረው «አልተስማማኝም» ብሎ ዝም ብሎ ያቆማል። ግፊት ልኬትም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ቡና ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ፣ ፈጥኖ መጥቶ፣ ሽንቱን ይዞ ወዲያው የሚለካ ሰው ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ያኔ ያ ሁሉ ጥረቱ ከንቱ ይመስለዋል። ከመለካት በፊት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከቡናና ከሲጋራ መራቅ፣ ጫትም ቅሞ አለመለካት። ለ5 ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አድርጎ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፣ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ መለካት፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ መድገም።

ኢንሱሊን ላይ ትልቁ እንቅፋት ብዙ ጊዜ ፍቅር ነው። ልጅ ለእናቷ አዝና መርፌውን ራሷ ትወጋለች፤ ልጅቷ ለትምህርት ስትሄድ እናት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሥራውን ቆራርሶ ማስረከብ ይቻላል። መጀመሪያ እናት እጃቸውን ታጥበው ደመናማውን ኢንሱሊን በመዳፋቸው መካከል ከ10 እስከ 20 ጊዜ በቀስታ ያንከባልሉ፤ አይናጥም፣ ተንከባሎም ከጓጎለ ይጣላል። ቀጥሎ ልጅቷ እያየች መጠኑን ይቅዱ። በመጨረሻ ራሳቸው ይውጉ፣ ቦታውንም በየጊዜው ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ያራርቁ፤ አንድ ቦታ ሲደጋገም ሥጋው ይጎረብጣል፣ መድኃኒቱም አንድ ቀን ይሠራል አንድ ቀን አይሠራም። መቅዳቱ ላይ የሚያሳስተው ሲሪንጁ ነው፦ ባለ 100 ዩኒቱ 1 ሚሊ ሊትር ላይ አንዷ ጭረት ብዙ ጊዜ 2 ዩኒት ስትሆን፣ ባለ 50 ዩኒቱ ግማሽ ሚሊ ሊትር ላይ 1 ዩኒት ናት። ፋርማሲ ሌላ ዓይነት ከሰጠ፣ ጭረት ቆጥሮ የለመደ ሰው መጠኑን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል።

ያኔ ስኳር ይወርዳል። አንድ ክፉ መውረድ የወራት ድፍረትን ያጠፋል፤ ሰው ከዚያ በኋላ በፍርሃት መርፌ መዝለል ይጀምራል። ስለዚህ ማከሙን አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ከመጣ ወይም የስኳሩ ቁጥር ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ መለካት፣ ካልተነሳ መድገም፣ ከዚያ ምግብ መብላት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ቶሎ ወደ ሕክምና ነው። ያቺን አራት ማንኪያ በወረቀት ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ መያዝ ብቻውን ብዙ ፍርሃት ያስወግዳል።

ሕክምናውን አዲስ የጀመረ ሰው ደግሞ፣ እንደ እሱ ካለና ከዓመት በፊት ከጀመረ ሰው ጎን ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ያ ሰው ዕቅዱን አንድም ቀን ያላቋረጠ መሆን የለበትም፤ አቋርጦ የተመለሰ ሰው ይበልጥ ያስተምራል።

የተደረገው ይቆጠር። መጻፍ የሚችል በደብተር ምልክት ያድርግ፤ የማይጽፍ ዕቅዱን ባደረገበት ቀን አንድ ጥሬ የቡና ፍሬ ጣሳ ውስጥ ይጣል። አራት ቀን ታቅዶ በሰባተኛው ቀን ሦስት ፍሬ ከተገኘ፣ ስለጎደለው አንዱ ከመጠየቅ በፊት «በነዚህ ሦስት ቀናት ምን ረዳዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ዕቅድ ከዚያ መልስ ውስጥ ይወጣል።