እማማ በሩን አስቀቡት

የተቀበልነው የፎቶ ሥራ የግድግዳ ካሌንደር ነበር። ለአሥራ ሦስት ወር አሥራ ሦስት በር። ደንበኛው የፈለገው በፒያሳና በአካባቢዋ ያሉ አሮጌ የእንጨት በሮችን ነው፤ ቀለማቸው የተላላጠ፣ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀባቸው። ጊዜው ብዙ የፒያሳ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሳቸው በፊት ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ብትወጡ፣ በደጃች ውቤ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ብትሄዱ፣ በር ሞልቶ ነበር።

ለማያውቀው ሰው በር ማንሳት ቀላል ይመስለዋል። አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑን አይጨፍንም። ጣጣው ብርሃኑ ላይ ነው። እንጨት ፀሐይ ሲበዛበት ገጹ ይሸብታል። ለስላሳው ክፍሉ በየክረምቱ እየታጠበ ይሄድና ጠንካራው መስመር ከፍ ብሎ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ያረጀ የዘይት ቀለም ደግሞ አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቅና ቅርፊቱ ይነሳል። ይህ ሁሉ ፎቶ ላይ እንዲታይ ብርሃኑ ገጹን እየዳበሰ ማለፍ አለበት። ፊት ለፊት ከመታው ሁሉም ነገር ድፍን ይላል።

ከሁሉ የወደድኩት በር ወደ ሰሜን የዞረ ነበር። ባለ ሁለት ተከፋች፣ ታዛ የሌለው፣ መቃኑ ከወፍራም ጽድ የተሠራ። ጽድ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፤ ለዚህም ነው የድሮ አናጢዎች የሚመርጡት። እንዲህ ያለ በር በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል። በግንቦት ግን የአዲስ አበባ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጉበኑ ጀምሮ በሩን እየላሰ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ቅርፊት የራሱን ጥላ ይጥላል። ሌላ ጊዜ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ካሜራ አላወጣም። ለዚህ በር ግን ሰዓቱ ያ ብቻ ነበር።

እኛ የደረስነው ደመና በጣለበት ከሰዓት በኋላ ነው። የቤቱን እመቤት አስፈቀድን፣ አንድ የሙከራ ፎቶ አነሳሁ፣ ለነገ ስድስት ሰዓት ተቀጣጠርን። በማግስቱ ስንመለስ የቀለሙ ሽታ ገና ከቅያሱ ጥግ ተቀበለን። የጎረቤት ልጅ ብሩሹን በጋዝ እያጠበ ነው። በሩ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኗል፣ ያብረቀርቃል።

«ኧረ ጉድ ሆንን!» አለ ረዳቴ።

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ፊታቸው በርቷል።

«እንዴት ነው፣ አማረ?»

«በጣም ያምራል እማማ። ግን ለምን ተቸገሩ?»

«እንዴ ልጄ! እንግዳ ሲመጣ ቤት ይሰናዳል። እንደዚያ ተላልጦ ለሰው ይታያል? ያንን በር ስንት ዓመት ሳፍርበት የኖርኩት ነው።»

ቀለሙን በገዛ ገንዘባቸው ነው ያስገዙት። በክረምት ውሃ ከሥር እየገባ ወለላቸውን ሲያርሰው እንደኖረ ነገሩኝ። የሚበሰብሰው ሁልጊዜ የበሩ ግርጌ ነው፤ ከመሬት የሚፈናጠቀው ውሃ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። እሳቸው የዘይት ቆርቆሮ ዘርግተው በሚስማር መትተውበታል። እኔ ከአንድ ቀን በፊት «ይሄ ቆርቆሮ ፎቶ ላይ እንዴት ያምራል» እያልኩ ያየሁት እሱን ነው።

የብዙ የፒያሳ በሮች ነገር ይኸው ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ገቡ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ቀበሌው የሚያድስበት ገንዘብ አልነበረውም። ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ያለ ፈቃድ እንደ ልቡ አይነካውም፣ ቢፈቀድለትም አቅሙ አይደርስም። ባለቤት ኖሯቸው ቢሆን ብዙዎቹ በሮች ገና ድሮ በብረት ተቀይረው ነበር። እኛ ውበት ብለን የምናነሳው፣ ለቤቱ ሰው ሳይጠገን የቀረ ነገር ነው።

የሙከራውን ፎቶ በካሜራዬ ስክሪን አሳየኋቸው። አየት አድርገው ፊታቸውን አዞሩ።

«ያንን ተወው። አዲሱን አንሳልኝ።»

አነሳሁላቸው። ቀጥሎ «ከውስጥስ ላየው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ አስገቡኝ። የበሩ ጀርባ ቀለም አልነካውም። በከሰል ጭስ ጠቁሯል። መቀርቀሪያው ዙሪያ ግን እጅ ያለሰለሰው ቦታ ለብቻው ያበራል፤ የመዳፍ ስፋት ያህል፣ ከሌላው እንጨት ትንሽ ሰርጎድ ያለ። በመቃኑ ጠርዝ ላይ፣ ብሩሹ ባልደረሰበት በኩል፣ የድሮዎቹ ቀለሞች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ይታያሉ፤ ቡኒ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቡኒ። እማማ የትኛው በየትኛው ጊዜ እንደተቀባ በጣታቸው እየነኩ ነገሩኝ። ቡኒው ከልጃቸው ሠርግ በፊት ነው።

ጭቅጭቁ ቢሮ ስንገባ መጣ። ረዳቴ የሙከራውን ፎቶ ከሌሎቹ ጋር ልኮት ኖሮ ደንበኛው የመረጠው እሱን ሆነ። ሴትዮዋ አልፈቀዱም አልኩ።

«በሩ እኮ ከመንገድ ይታያል» አለ አለቃችን። «ማንም አላፊ አግዳሚ ሊያነሳው ይችላል።»

ማንሳቱን ማንም ያነሳው ይሆናል። ካሌንደር ግን ዓመቱን ሙሉ ሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው። ስማቸው ባይጻፍም የሰፈሩ ሰው በሩን ያውቀዋል። እማማ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተው ሲሄዱ፣ ሲያፍሩበት የኖሩት በር ፊት ለፊታቸው ተሰቅሎ ሊጠብቃቸው ነው። ይህንኑ ለአለቃዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ሌላ በር ፈልግ» አለኝ።

ከውስጥ ያነሳሁትን ለደንበኛው አቀረብኩ። ጨለማ ነው ብሎ መለሰው። የተቀባውንማ ለማየትም አልፈለገ። በመጨረሻ ለዚያ ወር የሌላ ቤት በር ገባ፣ ከሒሳባችንም ተቀነሰ። ለእማማ አረንጓዴውን በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩላቸው።

አሁን የሰው ቤት ስናነሳ የሙከራውን ፎቶ ለቤቱ ሰው አሳይተን፣ ምን እንደምንፈልግና የት እንደሚወጣ ነግረን ነው ሥራ የምንጀምረው። ቀለሙም ቆርቆሮውም ለምን እንደሳበን በግልጽ እንናገራለን። እንደዚያው ይሁን የሚለን አለ፤ ቆዩ ላጽዳው የሚለንም አለ፣ እንጠብቀዋለን። ከደንበኛ ጋር ስንዋዋልም የቤቱ ሰው ያልወደደውን ፎቶ አናስረክብም የሚል አንቀጽ እናስገባለን። አንዳንዱ ይህን ሲያነብ ሌላ ፎቶ አንሺ ፍለጋ ይሄዳል። ይሂድ።