ኖብ ክሪክ 12 በድሬ ሙቀት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ኖብ ክሪክ 12፣ ማለትም በርሜል ውስጥ 12 ዓመት የቆየው የአሜሪካ ውስኪ፣ በጣም ጥሩ ቦርቦን ነው። ጥሩ ያደረገው ግን የዕድሜው ብዛት አይደለም፤ በጊዜ ከበርሜል መውጣቱ ነው።

ብዙ ሰው ውስኪ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል ብሎ ያምናል። ቦርቦን ላይ ይሄ ሁልጊዜ አይሠራም። ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ነው፤ የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። ስኮትላንዶች አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ በርሜል ስለሚጠቀሙ እንጨቱ ኃይሉ በርዶለታል፤ 18 ዓመት ቢቆይም አያስፈራም። አዲስ እንጨት ግን አይምርም። ቦርቦኑ የሚሠራበት የአሜሪካ ግዛት ኬንተኪ ሲሞቅ መጠጡ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ቀለሙም ከዚያው ነው የሚመጣው፤ ማቅለሚያ መጨመር ክልክል ነው። ልኩን ሲያልፍ ታዲያ ምሬቱ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይውጠዋል።

የቀመስነው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ግቢ፣ ከመሸ በኋላ ነው። ቀን ላይ እንዳትሞክሩት! አልኮሉ 50 በመቶ ነው፤ በድሬ ቀትር አፍንጫ ከማቃጠል በቀር ምንም አያሸትትም። ጓደኛዬ “አቦ፣ በረዶ ጣል አርግበት!” አለኝ። እምቢ አልኩ፤ በረዶ መዓዛውን ይገድለዋል። ብርጭቆውን ብቻ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ አደረቅኩት።

ስታሸቱ አፋችሁን ገርበብ አድርጉ፣ አልኮሉ ይቀላል። መጀመሪያ ያረረ ስኳርና ቫኒላ ይመጣል። ትንሽ ስትታገሱት ደግሞ ኦቾሎኒ፤ ያውም የባቢሌ፣ ከነገለፈቱ ተቆልቶ ገና ትኩስ እያለ የሚሸተው። ኖብ ክሪክ የጂም ቢም ምርት ነው፤ ይሄ የኦቾሎኒ ጠረን በሌሎቹ መጠጦቻቸውም ላይ አለ። እዚህ ግን ጠልቋል።

ምላስ ላይ ሲያርፍ ጣፋጭ ነው። ከዚያ እንጨቱ በጎንና በጎን ይይዛል፣ ድድ ያደርቃል። እዚህ ጋ ነው የፈራሁት። ሁለት ሦስት ጠብታ ውኃ ጨመርኩበት፤ ምሬቱ ለቀቀና የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ብቅ አለ። ከዋጥኩት በኋላም ሙቀቱ ደረቴ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚህ በላይ በርሜል ውስጥ ቢከርም የሚበላሽ ይመስለኛል።

በኮካ ወይም በበረዶ ለሚጠጣ ሰው የ9 ዓመቱ ኖብ ክሪክ ይበቃዋል፤ ጣፋጭነቱም ጎላ ይላል። 12ቱን ለጨብሲ አታውጡት። ጫት የዋለበት ምላስ ቀድሞውኑ ደርቋል፤ የሚሰማችሁ እንጨቱ ብቻ ነው።