ሸራ ሰፊው ጋሼ
ዛሬ ደሴ ከጓደኛዬ ጋር ለመኪናው ሸራ ልናሰፋ ወጣን፣ ያቺ ውስጧ የሚታደርባት፣ ጣሪያዋ ወደ ላይ የሚነሳው መኪና፣ ጣሪያው ሲነሳ ጎኑ ጨርቅ ስለሆነ የደሴን ክረምት የሚችል ልባስ ያስፈልጋታል። እሱ ወፍራሙን ፕላስቲክ ይዞ ዋጋ ሊከራከር ሲል ሰፊው ጋሼ ሌላ ሸራ አፋቸው ላይ አድርገው እፍ አሉበት፣ ከዛ ከሃይላንድ ውሃ ስፌቱ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉና "በመርፌው ቀዳዳ ነው የሚገባው ልጄ" አሉ። ፕላስቲኩማ ዝናቡን ቢከለክልም የተኛው ሰው ትንፋሽ መውጫ አጥቶ ሌሊቱን ከውስጥ ያንጠባጥባል። (ኮምቦልቻ ቢሆን ሙቀት ነው ቶሎ ይደርቃል፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ከወጣህ በኋላ ግን ጉሙ ራሱ ያረጥባል።) እኛ ሰዎች ዕቃ ስንገዛ "ወፍራም ነው?" እንላለን እንጂ ስፌቱን ገልብጦ የሚያይ የለም መሰለኝ። ለማንኛውም ትንፋሽ የሚያሳልፈውን አዘን፣ ስፌቱ ተደርቦ ክሩ ሰም ይቀባል፣ ቅዳሜ ውሰዱ ተብለናል።