ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ሰላም ናችሁ! ዛሬ ስለ አሮጌ የቤት እቃ ነው የማወራው፣ ሁሌም ስለሚያንገበግበኝ ነገር። ሰው ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው የእማማ ሳጥን፣ የከሰል ካውያው፣ አፉ የተሸረፈው ጀበና፣ ክዳኑ የላላው መሶብ ነው፣ ቁራሌው ገምቶ ይዞት ይሄዳል፣ ከዛ ባዶ ግድግዳ ሲመጣ ደግሞ ከሱቅ ጌጥ ፍለጋ እንወጣለን። እቃ ግድግዳ ላይ መስቀል ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ሰው ሐረር ጁገል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገብቶ ይይ፣ ስፌቱ፣ የእንጨት ገበታው፣ አበባ ያለው የብረት ሳህን ሁሉ ግድግዳው ላይ በወግ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፣ ከስር ደግሞ ምንጣፍ የለበሰው መደብ። እንደዛ የሚያምር ሳሎን እኔ የትም አላየሁም።

እኔ አንድ ነገር ላይ ድርቅ እላለሁ፦ ወደነበረበት መመለስ የማይቻል ነገር አታድርጉበት። አሁን አሁን መሶብ በወርቃማ ስፕሬይ መቀባት ተለምዷል፣ በጣም ነው የሚያመኝ! እናት አክርማውን ቀለም ነክራ፣ ስንደዶውን በወስፌ እየወጋች ስንት ጊዜ የፈጀችበት ስራ በአምስት ደቂቃ ይጠፋል። መሶብ ቀለም አይፈልግም፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፉለት፣ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት ቀለሙ ይለቃል፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታም አታስቀምጡት ምክንያቱም ይደበዝዛል። ክዳኑ ብቻ ከተረፈ ክዳኑን ስቀሉት፣ ከጎኑ ሰፌድና ትንንሽ ሙዳይ ሲጨመርበት ግድግዳው ይሞላል።

ያረጀ የሀበሻ ቀሚስስ? ሸማው ይሳሳል ይቀደዳል፣ ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጥለቱን ከመቁረጣችሁ በፊት በምትቆርጡበት መስመር ግራና ቀኝ በመኪና ስፉት፣ ካለዛ ክሩ ይተረተርና እጃችሁ ላይ ያልቃል፣ ከዛ ከኋላው አቡጀዲ ገበር አድርጉለትና የትራስ ጠርዝ ወይ የጠረጴዛ ልብስ ይወጣዋል። ሰው ለቅሶ ሲደርስ የለበሰችው፣ ልጇን ስትድር የለበሰችው ልብስ ነው እኮ፣ መወልወያ አይሆንም!

ሳጥኑ ጋ ስመጣ ትንሽ ልቆይ። የድሮ ሳጥን ስትከፍቱ ውስጡ ብዙ ጊዜ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፣ የጭቃ ቤት ግድግዳም እንደዛው ጋዜጣና መጽሔት በዱቄት ሙጫ እየተለጠፈ ነበር የሚያምረው፣ ስንቱ ልጅ ፊደል የለየው ከዛ ግድግዳ ላይ ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረ ጋዜጣ ስለሆነ ሳጥናችሁ ውስጥ የየትኛው ዓመት እንደተለጠፈ ቀኑን ፈልጉ፣ የሳጥኑን እድሜ ለመገመት ይረዳችኋል። በፍፁም እንዳትልጡት! እርጥብ ጨርቅም አይነካው፣ በብሩሽ ብቻ። ክዳኑ ላይ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም መስታወት ስታስቀምጡበት የሳሎን ጠረጴዛ ሆነ፣ ሚስማር የለ ምን የለ፣ ብርድ ልብሱም ውስጡ ይቀመጣል።

ሙቀጫና በርጩማ ከደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ የተልባ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። እዚህ ጋ አደራ፦ ዘይቱን የጠጣው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት። የካውያና የብረት ምጣድ ዝገት በአቼቶ ይለቃል፣ ወዲያው አጥባችሁ በደንብ ካላደረቃችሁት ግን ተመልሶ ይዝጋል።

አንገቱ የተሰበረ ጀበና እሬትና መሰል ውሃ የማይወዱ ተክሎች ይስማሙታል። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ከዛ ታቹን ቀስ ብላችሁ በድሪል ብሱት፣ የድሪሉን የመዶሻ ምት አጥፉት ካልሆነ ይፈረካከሳል። ታቹ ክብ ስለሆነ እንዳይንከባለል ያው ማቶቱ ላይ አስቀምጡት። ፋኖስ ደግሞ ነጭ ጋዙ ሽታው እስኪጠፋ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅና በባትሪ የሚሰራ ትንሽ ኤልኢዲ መብራት አስገቡለት፣ ገመድ መሳብ ከፈለጋችሁ ለኤሌክትሪሽያን ስጡት።

እቤታችሁ የሌለ ነገር ከፈለጋችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። ጊዜ ይዛችሁ፣ የማይቆሽሽ ጫማ አድርጋችሁ። የላላ ማጠፊያ፣ የተነቀለ እጀታ፣ ቀዳዳ ቆርቆሮ እዛው ቀጥቅጠው የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች አሉ፣ እቃውን ገዝታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አሳዩአቸው፣ ስትከራከሩም የእጃቸውን ዋጋ አትጎርዱባቸው።