በቁመቱ ልክ ጧፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እግዚአብሔር በቅዱስ ገብርኤል አማላጅነት ለልጄ ያደረገለትን ለመመስከር ተስዬ ስለነበር ይህን እጽፋለሁ።

ልጄ የተወለደው በጥር ወር 2014 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ነው። ጡት ጠብቶ ይተኛል፤ ለቅሶ አያውቅም። ጎረቤቶቼ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው!» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያ ጸጥታው ራሱ የሕመሙ ምልክት መሆኑን ያወቅሁት ግን ከዓመት በኋላ ነው። ዘጠኝ ወር ሞልቶትም ሳይደገፍ መቀመጥ አልቻለም። ሆዱ ይደርቅበታል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ምላሱ ከከንፈሩ ወጣ ይላል፤ አልፎ አልፎ ሲያለቅስም ድምፁ የጎረነነ ነው። ምግብ ያነሰው መስሎኝ አጥሚቱንም ገንፎውንም አበዛሁ፤ ያሳየሁበት ክሊኒክም «ቀስ ብሎ ያድጋል» ብሎ መለሰኝ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሚውለው ንግሥ ወደ ቁልቢ ከመነሳቴ በፊት ልጄን አልጋ ላይ አስተኝቼ ከአናቱ እስከ ተረከዙ በነጭ ክር ለካሁት። ክሩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩና «ዓመት ዛሬ ልጄ አድጎልኝ በቁመቱ ልክ ጧፍ አስገባለሁ» ብዬ እያነባሁ ተሳልኩ።

መልሱ የመጣው ባላሰብኩት በኩል ነው። በሚያዝያ ወር ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ስወስደው ነርሷ ወጋችውና አልሸኘችንም፤ መዘነችው፣ ቁመቱን ለካች፣ ደግማም ለካች። 69 ሴንቲ ሜትር ነበር። «የእኔ እናት፣ ይህ ልጅ ተርቦ አይደለም፤ ክብደቱ ያን ያህል ሳይጎድል ቁመቱ ነው የቆመው፤ ደሙ መመርመር አለበት» አለችኝ። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ።

ቲኤስኤች የሚባለው ምርመራ ውጤት ከፍተኛ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተላክን። ሐኪሟ አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ እጢ ለአካልና ለአእምሮ ዕድገት የሚያስፈልገውን ሆርሞን በበቂ እንደማታመነጭለት አስረዳችኝ። እኔ የማውቀው እንቅርትን ብቻ ነበር፤ የልጄ አንገት ግን እብጠት የለውም። በብዙ አገሮች ሕፃናት እንደተወለዱ ከተረከዛቸው ጥቂት ጠብታ ደም እየተወሰደ ለዚህ ሕመም እንደሚመረመሩ፣ የእኔ ልጅ ግን ያለ መድኃኒት ያሳለፋቸው ወራት በአእምሮው ላይ ያደረሱት ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችኝ። ያን ቀን ከሆስፒታሉ ደጅ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የታዘዘለት ሌቮታይሮክሲን የሚባል ትንሽ እንክብል ነው፤ በማንኪያ ላይ ተደቁሶ፣ በጥቂት ውኃ ተበጥብጦ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ይሰጣል፤ የብረት ሽሮፕ ደግሞ ከእርሱ ጋር አይሰጥም፣ በሰዓታት መራቅ አለበት። ዕድሜ ልኩን ሊወስደው እንደሚችል ስሰማ ፈውስ ለምኜ እንክብል ተሰጠኝ ብዬ አዘንኩ። ጸበሉም በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ የትኛውን ላስቀድም ብዬ ተጨነቅሁ። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ሐኪሟንም መድኃኒቱንም ያዘጋጀልሽ የለመንሽው አምላክ ነው። መድኃኒቱን ስጪው፣ ጸበሉን አስከትይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ማንኪያውን ሳነሣ አማትባለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሌሊት ላይ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ለቅሶ ነበር። ልጄ ነው! ርቦት፣ ጡጫውን ጨብጦ፣ ድምፁ ጠርቶ ይጮኻል። ባለቤቴ ደንግጦ መብራት ሲያበራ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ እልል እል ነበር። ጎረቤቶች ነግቶ «ምነው፣ ልጁ አደረ እንዴ ሲያለቅስ?» ሲሉኝ «አዎ፣ አምላኬ ይመስገን!» አልኳቸው።

አሁንም ክትትል ላይ ነን፤ የደም ምርመራው በየጊዜው ይታያል፣ መጠኑም ይስተካከላል። ንግግሩ ከእኩዮቹ ይዘገያል፤ ስለዚያም እንጸልያለን፣ እናስተምረዋለንም።

ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ስለቴን ላስገባ ስዘጋጅ የዓምናውን ክር ከሣጥን አወጣሁት። ዘንድሮ አልጋ ላይ አላስተኛሁትም፤ ቀሚሴን ይዞ ቆመልኝ። ክሩን ከተረከዙ ጀምሬ ወደ ላይ ስስበው ደረቱ ላይ አለቀ።